የሦስት ልጆች አባት

(ደብረ ማርቆስ፣ ረፋድ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት የሆናቸው ጡረተኛው የታሪክ መምህር ገሠሠ ውቤ፣ ስለ አሜሪካዊው ቶማስ ጀፈርሰን ያዘጋጁት መጽሐፍ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ነውና፣ የጀርባ ሽፋኑን ጽሑፍ ለጸሐፊያቸው ለይታይሽ እየነገሯት ሳለ እሷ ብዕሯን አስቀምጣለች።)

ይታይሽ፦ አልጽፈውም አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ።

ገሠሠ፦ ምኑ ነው የከበደሽ? «መምህር ገሠሠ ውቤ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ናቸው።» አለቀ! መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ሁሉ ጀርባው ላይ የሚያስጽፈው ነው።

ይታይሽ፦ የስንት?

ገሠሠ፦ የአምስት። የምሥራቅ ሁለት፣ የአሸናፊ...

ይታይሽ፦ የልጅ ልጆቹን አልጠየቅኩም። ልጆቹን ነው።

ገሠሠ፦ ሦስት።

ይታይሽ፦ እስቲ እንደገና ይቁጠሩ።

ገሠሠ፦ ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው ጣቴ እኮ አለ። ምሥራቅ፣ አሸናፊ፣ ቸርነት። ሦስት።

ይታይሽ፦ እኔስ?

ገሠሠ፦ አንቺማ ልጄ ነሽ። አይደለሽም ያለሽ አለ?

ይታይሽ፦ ባጃጅ ነጂውንም ልጄ ነው የሚሉት። ትላንት ቧንቧ ሊሠራ የመጣውን ሰውዬ ልጄ ብለውት ደስ ብሎት ሄደ። እሱም ይቆጠር?

ገሠሠ፦ ምን በልተሽ ነው የተነሣሽው ዛሬ?

ይታይሽ፦ ምንም አልበላሁ። ከእናቴ ጋር ስናወራ ቁርሱም አለፈን።

ገሠሠ፦ እህ! አንጓች ናታ የላከችሽ!

ይታይሽ፦ እናቴ ማንን ልካ ታውቃለች? ስትላክ ነው የኖረችው።

ገሠሠ፦ ይታይሽ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተዪው። አውቶቡሱ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚነሣ። ዛሬ ካልተላከ የወሩ መጨረሻ ምረቃ ቀረ ማለት ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ጥሪው ተበትኗል፣ ምሥራቅም ከሐዋሳ ትኬት ቆርጣለች።

ይታይሽ፦ እሺ፣ የጀርባው ይቆየን። አስቀድመን ማተሚያ ቤቱ የጠየቀውን እንመልስለት። ገጽ መቶ ዐርባ ሦስት ላይ በቀይ አክብቦ ነው የላከው።

ገሠሠ፦ ምን ይላል?

ይታይሽ፦ «ይልማ ማን ነው? ከዚህ በፊት በመጽሐፉ አልተጠቀሰም። አሜሪካዊ ነው ወይ?» ይላል።

ገሠሠ፦ የምን ይልማ?

ይታይሽ፦ ላንብብልዎት። «ሣሊ ሄሚንግስ የተባለችው ባሪያ ስለ ወለደቻቸው ልጆች ጠላቶቹ ጀፈርሰንን ቢያሙትም፣ የልጆቹ አባት ታናሽ ወንድሙ ይልማ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ።»

ገሠሠ፦ ራንዶልፍ ነው ያልኩት!

ይታይሽ፦ ይልማ ነው ያሉት።

ገሠሠ፦ የጀፈርሰን ወንድም ራንዶልፍ ነው፤ ይልማን ከየት አመጣዋለሁ? አንቺ ነሽ ከራስሽ የጨመርሽው።

ይታይሽ፦ «ያልኩሽን ብቻ ጻፊ፤ ከራስሽ ነጥብ እንዳትጨምሪ» ያሉኝ ማን ናቸው? ያሉኝን ጻፍኩ። በማግሥቱ መልሼ አነበብኩልዎት። «ጥሩ ሄዷል፣ ቀጥዪ» አሉኝ።

ገሠሠ፦ ሰምቼ ዝም አልኩ?

ይታይሽ፦ ሠላሳ ዓመት የለመዱት ነገር ነው። ጆሮዎ ምን ያስደነግጠዋል?

ገሠሠ፦ አርሚው፣ አርሚው። ራንዶልፍ በዪ።

ይታይሽ፦ አርመዋለሁ። ሰውዬው ግን ይልማ ማነው ብሎ ጠይቋል፤ በትሕትና ነው የጠየቀው፤ መልስ ይገባዋል። አሜሪካዊ አይደለም ልበለው። የመምህር ገሠሠ ታናሽ ወንድም ነው፣ ምጽዋ ላይ የሞተ ወታደር ነው፣ ሙት አይሟገትም ተብሎ የሰው ልጅ ያሸከሙት ነው።

ገሠሠ፦ የሙት ስም አታንሺ!

ይታይሽ፦ እኔ ነኝ ያነሣሁት? መታወቂያዬ ላይ ይዤው እዞራለሁ እንጂ! ይታይሽ ይልማ። ይልማ የካቲት ሰማንያ ሁለት ሞተ። ይታይሽ ታኅሣሥ ሰማንያ አራት ተወለደች። ሃያ ሁለት ወር ነው፣ ጋሼ። ሃያ ሁለት ወር የምታረግዝ ዝሆን ናት።

ገሠሠ፦ ያኔ ጦርነት ነው፤ መርዶው ዘግይቶ፣ ቀኑ ተምታቶ...

ይታይሽ፦ መርዶው ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ኮሮጆዎ ውስጥ አግኝቼ ያነበብኩልዎት እኔ ነኝ። ተማሪ ዓመተ ምሕረት ቢስት ያንበረክኩት ነበር ይላሉ ያስተማሯቸው ሁሉ። የራስዎ ሲሆን በሁለት ዓመት ይስታሉ?

ገሠሠ፦ ማን ነገረሽ?

ይታይሽ፦ ማን ያልነገረኝ አለ! ወፍጮ ቤት ወረፋ ስይዝ «የመምህር ግንባር» ይሉኛል። ለንስሐ አባቴ ስሜን ስነግራቸው ሳል ይይዛቸዋል።

ገሠሠ፦ ከተማው ካወቀ እንግዲህ ምን ቀረሽ? ሰው አወቀ፣ ገመና ሸፈነ፣ አብሮ ኖረ። ዝም አይነቅዝም።

ይታይሽ፦ ዝምታው አይነቅዝ ይሆናል። ዝም የተባለበት ሰው ነው የሚነቅዘው።

ገሠሠ፦ እስቲ ምን ጎደለብሽ? ተራብሽ? ታረዝሽ? ያስተማረሽ ማነው? ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተሽ «ቲቸር» የምትባዪው በማን ነው?

ይታይሽ፦ ፊደል ያስቆጠረኝ ቸርነት ነው። ማታ ማታ ሦስቱን ሳሎን ሰብስበው ሲያስጠኑ እኔ የሻይ ብርጭቆ ለማንሣት እየገባሁ አንዲት አንዲት ፊደል ሰርቄ እወጣ ነበር። ጓዳ ስገባ ቸርነት ይመጣና የቀረውን በአመድ ላይ ይጽፍልኛል። እሱ እስከ ዛሬ የአጎቱ ልጅ ነው የምመስለው። ሣሊ የወለደችውም ማዲሰን እንደዚሁ ነው። የጀፈርሰንን የልጅ ልጆች እየለመነ ነው ፊደል የለየ። እርስዎ ነዎት ተርጉሚልኝ ያሉኝ።

ገሠሠ፦ አውጪው ብዬሽም ነበር።

ይታይሽ፦ አውጥቼዋለሁ። ካነበብኩት በኋላ ከልቤ እንዴት ላውጣው? ሸምግሎ ለጋዜጠኛ የነገረውን ያስታውሱታል? ደግ ሰው ነበር አለ። ለሁሉም መልካም ነበር አለ። ለእኛ ለልጆቹ ግን አባትነት ማሳየት ልማዱ አልነበረም፤ የሚያሞላቅቀው ነጮቹን የልጅ ልጆቹን ነበር አለ። ስድብ የለውም፣ እርግማን የለውም። ያን ቀን ማንበብ አቅቶኝ ጉንፋን ይዞኛል ብዬዎት ነበር። ጉንፋን አልነበረም።

ገሠሠ፦ ስሚኝ። ሰውን በጓዳው አይመዝኑትም። ያ ሰው ዓለምን የቀየረች ዓረፍተ ነገር ጽፏል።

ይታይሽ፦ ከስድስት መቶ የሚበልጥ ሰው በባርነት ይዞ!

ገሠሠ፦ ይዞ! አዎ፣ ይዞ! አልካድኩም፤ ምዕራፍ ሰባት ላይ ጽፌዋለሁ። ዓረፍተ ነገሯ ግን ከእሱ ትበልጣለች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ፤ አንቺ ነሽ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር የምትነግሪኝ? አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አስተማሪያችን ትቶልኝ በሄደው መጽሐፍ ነው ያነበብኳት። ስድሳ ዘጠኝ ላይ፣ ሬሳ መንገድ ላይ በሚያድርበት ዘመን፣ ጠመኔ አንሥቼ «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ዐሥራ አንድ ወር ታሰርኩባት። ውስጥ እግሬ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያመኛል። ይኼን መጽሐፍ ሳልጽፍ አልሞትም ያልኩት ለዝና መሰለሽ?

ይታይሽ፦ አልመሰለኝም። እግርዎን ክረምት ክረምት በሞቀ ውኃ የምታሸው እናቴ ናት፤ አውቃለሁ።

ገሠሠ፦ ታዲያ!

ይታይሽ፦ ያኔ ስንቅ ያመላለሰችውም እሷ ናት። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሚስትዎ እትዬ አሰለፈች እስር ቤት በር መቆም ከብዷቸው እሷን ላኳት። አንድ ቀን ዘበኛው «ጌታሽ ምን አድርጎ ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ «ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ነው» አለችው። በጥፊ መታት። ግራ ጆሮዋ ከዚያን ቀን ወዲህ አይሰማም። ይህን ነግራዎት ታውቃለች?

ገሠሠ፦ አልነገረችኝም።

ይታይሽ፦ አትነግርዎትም። «ጋሼ እኮ ስለ እኛ ስለ ድሆች ብለው ነው የታሰሩ» ነው የምትል እስከ ዛሬ። ኮርታብዎት ነው የኖረችው። እኔን ወልዳ እንኳ ኮርታብዎታለች፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ገሠሠ፦ አንጓችን... ላገባት አልችልም ነበር፣ ይታይሽ። አሰለፈች ልትሞት ስትል እጄን ይዛ አስማለችኝ። «በልጆቼ ላይ የእንጀራ እናት እንዳታመጣ» አለች። ማልኩላት። ምን ላድርግ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው።

ይታይሽ፦ እኔ ነኛ የጠፋሁት! ተረቱን ሌላው ለወግ ይተርተዋል፤ እርስዎ ሠሩበት።

ገሠሠ፦ መሐላ ነው! እሱም ለሚስቱ ምሏል ይባላል፤ ዳግመኛ ሳያገባ ነው የሞተው።

ይታይሽ፦ አዎ፣ ሳያገባ። ሣሊን፣ የሚስቱን የአባት ልጅ፣ በባርነት ይዞ፣ ስድስት አስወልዶ፣ ሳያገባ። እርስዎም መሐላዎን ጠብቀዋል፣ ማንም አይወቅስዎትም፤ የእንጀራ እናት አላመጡም። ጓዳ የነበረችውን እዚያው ጓዳ ተዉአት። ሦስቱን አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ያሳደገች ማን ሆነችና!

ገሠሠ፦ ደሃ ነበርኩ እንጂ ክፉ አልነበርኩም። ሰው ምን ይለኛል የሚል ደሃ። «መምህሩ ሠራተኛውን አገባ» ቢሉኝ በየትኛው ፊቴ ክፍል እገባለሁ? ተማሪ ግድግዳ ላይ ይጽፍብኝ ነበር።

ይታይሽ፦ ካድሬ ያልፈራ ሰው ተማሪ ፈራ?

ገሠሠ፦ ካድሬ ቢገድልህ ጀግና ትባላለህ። በሠራተኛህ የተሳቀብህ ቀን ግን ማን ያለቅስልሃል?

ይታይሽ፦ እናቴ ታለቅስልዎት ነበር።

ገሠሠ፦ በቃ ተዪኝ። ጻፊ። ውኃ ጠማኝ፣ ሰዓቱም ሄደ።

ይታይሽ፦ ውኃው በቀኝዎ ነው። ትንሽ ወደ ፊት። እሱ ነው። ጋሼ፣ ምዕራፍ ዐሥራ አራትን ሲነግሩኝ አልቅሰው ነበር።

ገሠሠ፦ የመቃብሩን?

ይታይሽ፦ የመቃብሩን። ነጻነታቸውን ባወጁ በሃምሳኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት ሞተ። መቃብሬ ላይ የሚጻፈው ይኼ ብቻ ነው፣ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምሩ ብሎ አስቀድሞ ጽፎ አኑሮ።

ገሠሠ፦ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ነበር፤ ፕሬዚዳንትነቱን እንኳ አላስጻፈም! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? የነጻነቱን አዋጅ የጻፈ፤ በቨርጂኒያ ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገደድ ሕግ የጻፈ፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አባት። ሦስት ነገር ብቻ።

ይታይሽ፦ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ምን?

ገሠሠ፦ አባት።

ይታይሽ፦ አባት! ለጡብና ለድንጋይ አባት ነኝ አለ፤ አስቀርጾ! ጓዳው ውስጥ ግን አራት ልጆች አድገውለታል። ሁለቱ ነጭ መስለው ከነጮቹ ጋር ተቀላቅለው እንደ ወጡ ቀሩ፤ ሁለቱን በኑዛዜው ነጻ አወጣቸው፤ ልጆቼ ግን አላለም። እናታቸውንስ? በኑዛዜው ውስጥ ስሟ የለም። እርስዎ ድንጋዩን አስበው አለቀሱ። እኔ በዚያች ቃል አቅሌን ስቼ ወጥቼ አጥር ይዤ ቆምኩ።

ገሠሠ፦ እና እኔ... እኔም እንደዚያ ነኝ ነው የምትዪኝ።

ይታይሽ፦ እኔ ምንም አላልኩም። ከገጽ አንድ እስከ ሁለት መቶ ሰማንያ ያሉት ሁሉ እርስዎ ነዎት። እኔ ያሉትን ጻፍኩ እንጂ።

ገሠሠ፦ ለምን ዛሬ? ስምንት ዓመት ከጎኔ ስትቀመጪ ዝም ብለሽ፣ ለምን በመጨረሻዋ ገጽ? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ይኼ።

ይታይሽ፦ እናቴ ስለ ጠየቀችኝ ነው። ጠይቃኝ አታውቅም። ትላንት ማታ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ «ይኼ የሚጽፉት መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው አልኳት። «መጨረሻው ላይ የራሳቸውን ታሪክ ይጽፉ ይሆን?» አለች። ይጽፋሉ አልኳት። ከዚያ «እኔ አያስፈልገኝም፤ ያንቺን ስም ግን ያነሡሽ ይሆን? ሳልሞት፣ በደህና ጆሮዬ፣ የእሳቸው ልጅ ስትባዪ አንድ ቀን ልስማ» አለችኝ።

ገሠሠ፦ አንጓች? አንጓች እንዲህ አለች?

ይታይሽ፦ እንዲህ ብላ ደግሞ ደንግጣ «እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ።

ገሠሠ፦ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?

ይታይሽ፦ እኔ?

ገሠሠ፦ አንቺ።

ይታይሽ፦ ስም አልፈልግም። መሬትም፣ ቤትም፣ ምንም አልፈልግም። መታወቂያዬም ይልማ እንዳለ ይቅር፤ ሰውዬውን ለምጄዋለሁ። አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። አራት። እናቴ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ፣ አስተዋዋቂው ሲያነባት ትስማት። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ጋሼ ስልዎት እኖራለሁ፤ አይክፋዎት።

ገሠሠ፦ ዓይን እያለኝ ፊትሽን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ታውቂያለሽ? ፈራሁሽ። የእናቴን ግንባር ይዘሽ መጣሽ። ስትገቢ ጋዜጣ አነሣ ነበር። ጋዜጣው የትላንት ይሁን የአምናው አላውቀውም፣ ዝም ብዬ አነሣዋለሁ። ዓይኔ ሲጠፋ «ይኼ የእሷ ነው፤ በእሷ ዕዳ ነው እግዜር የሚቀጣኝ» ብያለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም።

ይታይሽ፦ እኔ የማላስጠላ ልጅ እንድሆን ብዬ ጋዜጣውን በየቀኑ አጣጥፌ አስቀምጥልዎት ነበር።

ገሠሠ፦ ልጄ ነሽ።

ይታይሽ፦ እ?

ገሠሠ፦ ልጄ ነሽ። እኔ ነኝ የወለድኩሽ። ከወንድሜ ላይ ውረጂለት፤ ይረፍበት። እኔ ነኝ አባትሽ።

ይታይሽ፦ ይድገሙት። እባክዎን ይድገሙት።

ገሠሠ፦ አባትሽ ነኝ። ጻፊው፤ «የአራት ልጆች አባት» በዪ። አንሺ ብዕሩን።

ይታይሽ፦ ይታገሡኝ ትንሽ። ወይኔ፣ እናቴ ይኼን ብትሰማ! ልጥራት እንዴ?

ገሠሠ፦ ቆይ፣ ቆይ። ተቀመጪ። አትጥሪያት። አንድ ነገር አለ።

ይታይሽ፦ ምን?

ገሠሠ፦ ለምረቃው ሦስቱም ይመጣሉ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ምሥራቅ ትጮኻለች፤ ትጩህ፣ ይበርድላታል። አሸናፊ ያኮርፋል። ቸርነት መቼም ደስ ይለዋል። አንቺን ይለምዱሻል። የተማርሽ ነሽ፣ ደህና ለብሰሽ ከጎናቸው ሶፋው ላይ ብትቀመጪ ሰውም አያፍርብሽ።

ይታይሽ፦ እሺ።

ገሠሠ፦ ነገር ግን ልጅ ሳሎን እናት ጓዳ እንዴት ይሆናል? አስቢው። እንግዳ ተሰብስቦ፣ አንጓች ማስታጠቢያ ይዛ ዞራ ዞራ አንቺ ጋ ስትደርስ፣ እጅሽን ትዘረጊላታለሽ? ለዓይን አይሆንም። ነውር ነው።

ይታይሽ፦ ማስታጠቢያውን እኔ እይዛለኋ። እሷ ትቀመጣለች።

ገሠሠ፦ የት?

ይታይሽ፦ ሳሎን።

ገሠሠ፦ የአሰለፈች ወንበር ላይ? ልጆቿ እያዩ?

ይታይሽ፦ አጥባ ያሳደገቻቸው ልጆች እኮ ናቸው፣ ጋሼ።

ገሠሠ፦ አንቺን ብነግራቸው «አባባ ብቸኝነቱ አሳስቶት ነው» ብለው ይውጡታል። እሷ እዚሁ ቤት፣ ዓይናቸው ሥር ካለች ግን ያ ሁሉ ዘመን ይቆጠራል። «እናታችን ስትሞት ስንት ወር ቆየ? ወይስ ሳትሞት ነው?» ይሉኛል። ያንን እየሰማሁ ፊታቸው መቀመጥ አልችልም።

ይታይሽ፦ ታዲያ ምን አሰቡ?

ገሠሠ፦ ብቸና ወንድም አላት አይደል? ከምረቃው በፊት እሱ ጋ ትግባ። ክፉ አላሰብኩም፤ ትረፍ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት እኮ ነው እዚህ ቤት ስትለፋ።

ይታይሽ፦ ለስንት ቀን?

ገሠሠ፦ አውቶቡስ ድረስ አንቺው ትሸኛታለሽ፤ ጋቢም እንገዛላታለን...

ይታይሽ፦ ለስንት ቀን፣ ጋሼ?

ገሠሠ፦ እንግዲህ ከሄደች አይቀር ጠቅልላ ትግባ።

ይታይሽ፦ ልስማ ያለችው እኮ እሷ ናት! በጆሮዬ ልስማ ያለችው!

ገሠሠ፦ ስልክ አለ። ትደውዪላታለሽ፤ በስልክ ትሰማለች።

ይታይሽ፦ በየትኛው ጆሮዋ?

ገሠሠ፦ ይታይሽ፣ ብልህ ሁኚ። ሁሉ ባንዴ አይገኝም። እኔ ሠላሳ ዓመት ያልቻልኩትን ዛሬ ሰጥቼሻለሁ። ያዢው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።

ይታይሽ፦ የብብቴ እናቴ ናት።

ገሠሠ፦ እንዲህ አታድርጊኝ። አሁን ልጄ ነሽ አላልኩሽም? አፌን ሞልቼ አላልኩም?

ይታይሽ፦ ብለዋል። ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ አልዋሽዎትም። ስንት ደቂቃ ቆየልኝ? ውኃው እንኳ አላለቀልዎትም።

ገሠሠ፦ የት ትሄጂያለሽ? ምን ልታደርጊ ነው?

ይታይሽ፦ እናቴ ብቸና አትሄድም። ደመወዝተኛ ነኝ፤ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ የሚከራይ ክፍል አይቻለሁ። አንድ አልጋ ይይዛል፤ ሁለታችንም ቀጭኖች ነን። ዛሬውኑ ይዣት እወጣለሁ።

ገሠሠ፦ አንጓች አትወጣም! ጥላኝ አትወጣም። ጠይቂያት።

ይታይሽ፦ እጠይቃታለሁ። «ከምረቃው በፊት ጠቅልላ ትግባ» ያሉትንም ቃል በቃል እነግራታለሁ። ከራሴ ነጥብ አልጨምርም።

ገሠሠ፦ እኔንስ? እኔን ማን ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል? ማን ያነብልኛል?

ይታይሽ፦ ልጆች አሉዎት።

ገሠሠ፦ ይታይሽ! ይታይሽ... የብዕር ድምፅ እሰማለሁ። ምን እየጻፍሽ ነው?

ይታይሽ፦ የጀርባውን ገጽ ነው። አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።

ገሠሠ፦ አራት አልሽ አይደል? ንገሪኝ፤ አራት ብለሽ ነው? አንብቢልኝ።

ይታይሽ፦ «መምህር ገሠሠ ውቤ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ናቸው።» ይኸው፤ አሁን እውነት ሆነ።